በሰዓት ስልሳ ኮሌታ

ስሟን የሚያውቁት የቢሮ ሰዎች ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሌላው ሁሉ ባቡር ነበር የሚላት። በሸሚዝ ፋብሪካው አራተኛ መስመር ላይ ኮሌታ መግጠም ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መኪናዋ ላይ ጎንበስ ካለች መርፌው ሲወጣና ሲወርድ አይታይም፤ የሚሰማው አንድ የማይቋረጥ ድምፅ ነው። ስሙን ያወጡላት ሴቶች በፍቅር ነው ያወጡላት፤ እሷም ወዳዋለች። ቤት ስትገባ ባሏ እንኳ «ባቡር ደረሰ፣ ከሐዲዱ ላይ ዞር በሉ» ይላል፤ የሰባት ዓመት ልጃቸው ትንከተከታለች።

ከኋላዋ ያለው መኪና የእትዬ መነጽር ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ለጡረታ የቀራቸው አንድ ዓመት ከአራት ወር። ባቡርን ለምነው ያስቀጠሯት እሳቸው ናቸው፤ ሥራውንም ያስተማሯት እሳቸው። ገና ልጅ ሆና፣ ጨርቁ በተጣመመ ቁጥር እንባዋ ሲመጣ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣቸው እጇን በእጃቸው ይዘው በኮሌታው ጠርዝ ላይ ያስኬዱላት ነበር። ልጇን ወልዳ በሦስተኛው ወር ወደ ሥራ ስትመለስ ደግሞ፣ ጡቷን ልታልብ ሽንት ቤት በገባች ቁጥር የጎደለባትን የሚሞሉላት እሳቸው ነበሩ። ይህን ማንም አያውቅም፤ ሁለቱ ብቻ ያውቁታል።

የመስመሩን አለቃ ፊሽካ ይሉታል። በጥርሶቹ መካከል የማፏጨት ልማድ አለው፤ ፉጨቱ ሲቀርብ ወሬ ይቆማል፣ አንገት ይቀበራል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፊሽካ አንድ ወጣት ኢንጂነር አስከትሎ ባቡር መኪና ዘንድ መጣ። ኢንጂነሩ ታብሌት አቅፏል፤ አንገቱ ላይ የሩጫ አሰልጣኞች የሚይዙት ዓይነት ሰዓት ተንጠልጥሏል። የለበሰው ሸሚዝ እዚያ ፋብሪካ እንዳልተሰፋ ሴቶቹ ከኮሌታው አወቁ።

«እህቴ፣ ዝናሽን ሰምቼ ነው የመጣሁት» አላት። «ነገ አንድ ሰዓት ያህል አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ። ፈተና አይደለም፣ አትጨነቂ። ድርጅቱ ጎበዝ ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚሠራ ማወቅ ፈልጎ ነው።»

ፊሽካ ከኋላው ሆኖ፣ መስመሩ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሁለተኛ መስመር ያለችው ቀጭኗ ትበልጣታለች የሚሉ አሉ። እኔ ግን የኛን ሰው አላስደፍርም ብያለሁ።»

በምሳ ሰዓት እትዬ መነጽር ባቡርን በክርኗ ጎትተው ከሌሎቹ ነጠሏት።

«ስሚኝ፤ ነገ እጅሽን ታመሚበት» አሏት።

«እንዴት አድርጌ?»

«ክር ይበጠስብሽ። መርፌ ይሰበርብሽ። ሰው ሰዓት ይዞ አጠገብሽ ከተቀመጠ አሮጊት ሁኚበት። እዚህ ሳልገባ በሌላ ፋብሪካ አይቼዋለሁ። የሚለካው አንቺን እንዳይመስልሽ፤ እኛን ነው።»

ባቡር ሳቀች። «እርስዎ ደግሞ፣ ሁሉ ነገር ተንኮል ይመስልዎታል።»

«አዎ፣ ይመስለኛል» አሉና ምሳ ዕቃቸውን ከደኑ።

ቤቷ ሄዳ ስታስበው ግን ምክሩ ልክ መሰላት። ለባሏም ነገረችው፤ ባሏ ቀለም ቀቢ ነው፣ ቀን የሚሠራ ቀን የሚፈታ። «የሳቸውን ስሚ» አላት። ጠዋት ስትወጣ ልታዘግም ወስና ነበር የወጣችው።

ስትደርስ መኪናዋ ዘይት ጠጥቶ፣ አዲስ መርፌ ተገጥሞለት፣ ተወልውሎ ጠበቃት። ሁለት ረዳቶች ግራና ቀኟ ቆመዋል። አንዷ ኮሌታውን ከሸሚዙ ጋር እያቀናጀች ታቀብላታለች፤ ሌላዋ የተሰፋውን ታነሳላታለች፣ ክሯን ትጠቀልልላታለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እንዲህ ተደርጎላት አያውቅም። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንደተመከረችው በዝግታ ሄደች። ሁለቴ ክር በጠሰች። ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ፣ ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገና ወደ ፊሽካ ዞሮ፣ በትሕትና፣ «ምናልባት ሁለተኛ መስመር ያለችውን ብናይ ይሻላል» አለ።

ፊሽካ አላፏጨም። እንደሚታዘንለት ሰው አያት።

ባቡር ደሟ ፈላ። በኋላ ነገሩን ስታስበው ራሷን ይቅር ልትል ያልቻለችው ለዚህች ቅጽበት ነው፤ ማንም አላስገደዳት፣ ማንም አልዛተባት። እግሯን መርገጫው ላይ ጫነችና በረረች። የመስመሩ ሴቶች ስፌት አቁመው አዩዋት፤ ውብ ነበር፣ ይህን ማንም አይክድም። ሰዓቱ ሲያልቅ ስልሳ ሁለት ኮሌታ ገጥማለች። ያን ሁሉ ጊዜ የመስመሩ ልማድ በሰዓት አርባ ነበር።

ተጨበጨበላት። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከላይ ወርዶ እጇን ጨበጣት፤ አንድ ፔርሙዝ ሸለማትና ከጎኗ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ወደ ወንበሯ ስትመለስ ከኋላዋ ምንም ድምፅ አልሰማችም። ዞር ብላ አየች። እትዬ መነጽር መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

ከአሥር ቀን በኋላ በመግቢያው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከላይ የባቡር ፎቶ፣ ከሥሩ በትልቁ «እሷ ከቻለች ሁላችንም እንችላለን» የሚል ጽሑፍ። ከዚያ በታች በትንንሽ ፊደል፦ ኮሌታ የሚገጥም ሠራተኛ ከዛሬ ጀምሮ በሰዓት ስልሳ ያስረክባል፤ ከዚያ በታች የሆነ ሙሉ ደመወዝ የለውም፤ ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ይሰናበታል።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው የፎቶውን ዓይኖች በመርፌ በሳቸው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ምሳ ሰዓት ባቡር ስትቀመጥ አግዳሚው ይለቀቅላታል፤ አንዷ ሽንት ቤት ትሄዳለች፣ ሌላዋ እጇን ልትታጠብ ትነሳለች፣ በመጨረሻ ምሳ ዕቃዋን አቅፋ ብቻዋን ትቀራለች። ባቡር የሚላትም ጠፋ። ሲጠሯት «ስልሳ» ይሏታል። «ስልሳ፣ እስቲ መቀሱን አቀብዪን፤ በስንት ሰከንድ ታደርሺዋለሽ?»

ከሁሉ የከፋው ግን እሷ ራሷ ስልሳ መድረስ አለመቻሏ ነው። የሚያቀብል የለ፣ የሚያነሳ የለ፤ መኪናው ወደ ድሮ ማንኳኳቱ ተመልሷል። ቁጥሯም በየሳምንቱ ወረደ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሃምሳ አምስት፣ በሁለተኛው ሃምሳ ሦስት። ሽንት ቤት መሄድ ጊዜ ይበላል ብላ ውሃ መጠጣት ተወች። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። የቀኝ እጇ አንጓ አብጦ ማታ ማታ የልጇን ጸጉር ማበጠር እንኳ አቃታት። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሲደርሳት ወረቀቱን ይዛ ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ ሄደች።

«ያን ቀን እኮ ሁለት ሰው ያግዘኝ ነበር» አለችው። «እርስዎም እዚያው ነበሩ። ብቻዬን ስልሳ አልችልም። ማንም አይችልም።»

ኢንጂነሩ ወንበር ሳበላት፤ ጨዋ ልጅ ነው። «ልክ ነሽ፣ አይቻለሁ» አለ። «ለዚህም እኮ ነው ከስልሳ ሁለቱ ላይ ሁለት የቀነስነው።»

«ሁለት?»

«ለድጋፉ ማካካሻ ማለት ነው። ቁጥሩ አሁን ሲስተም ውስጥ ገብቷል፤ የትዕዛዙ ውል፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ሁሉም በሱ ነው የተሰላው። እኔ ብፈልግ እንኳ ልነካው አልችልም፣ እህቴ።» በሩ ድረስ ሸኛት። «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ።»

እትዬ መነጽር ከአርባ ሁለት በላይ ሄደው አያውቁም። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ተቀበሉ። አጣጥፈው ጡታቸው ሥር አስገቡት፣ ስፌታቸውን ቀጠሉ። ባቡር ከፊታቸው ተቀምጣ የመኪናቸውን ድምፅ ትሰማለች፤ ሄድ ይላል፣ ቆም ይላል፣ ሄድ ይላል። ያ ቆም የሚለው አንጀቷን በላው።

እዚያ ፋብሪካ የሥራ ቆጠራ የሚደረገው በትኬት ነበር። አሥር አሥር ሆኖ በታሰረ ጥቅል ላይ ትንሽ ወረቀት አለ፤ ጥቅሉን የሰፋች ሴት ወረቀቷን ቀድዳ የራሷ ቅጽ ላይ ትለጥፋለች። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ባቡር ሁለት ትኬት ቀድዳ በእጇ ጨበጠችና፣ መቀስ የወደቀባት መስላ ጎንበስ ብላ በእትዬ መነጽር ጭን ላይ ጣለቻቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ እትዬ ቀስ ብለው።

«ይለጥፏቸው።»

«ላንቺስ?»

«እኔ አንድ ማስጠንቀቂያ ነው ያለኝ። እርስዎ ሁለት አለዎት።»

አሮጊቷ ትኬቶቹን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ለጠፏቸው። ከማስታወቂያው ወዲህ ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ደግ ቃል ያን ዕለት ነው፤ «እጅሽን ሞቅ ባለ ውሃ ንከሪው» አሏት። ባቡር ያን ዕለት ማታ ባሏን እያዋራች ሳቀች፤ ልጅቷ ገርሟት አየቻት።

ለሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ባቡር ሁለተኛዋን ማስጠንቀቂያ ተቀበለች፣ ግድ አልሰጣትም። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ፊሽካ እያፏጨ መጣና በጣቱ ጠራት።

ቢሮው የመስታወት ሳጥን ነው፤ ከመስመሩ ሁሉ ይታያል። ኮምፒውተሩን ወደሷ አዞረው። «የትኛው ጥቅል ለየትኛው መኪና እንደተሰጠ እዚህ ተመዝግቧል። አታውቂም ነበር አይደል? እንግዲህ እይው። ላንቺ የተሰጡ አርባ አንድ ጥቅሎች ትኬታቸው የሴትዮዋ ቅጽ ላይ ነው የተለጠፈው።»

ባቡር ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች።

«ሁለት መንገድ ነው ያለው» አለ ፊሽካ። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ ዕቃ እንደሚያስመርጥ ነጋዴ ነው። «አንደኛው፣ አንቺ ሰጥተሻታል። ይሄ ሁለታችሁም ድርጅቱን አታለላችሁ ማለት ነው፤ ሁለታችሁም ዛሬውኑ ትወጣላችሁ። ሁለተኛው፣ ሴትዮዋ ከቅርጫትሽ ሰርቃለች፤ አንቺ ተበዳይ ነሽ። ማስጠንቀቂያሽም ይነሳል። ጎዶሎሽ የሌባ ጥፋት ነው ማለት ነዋ።»

«እሳቸው አልሰረቁም።»

«እኔ ስለ መስረቅ አለመስረቅ አልጠየቅሁሽም። ስንት ልጅ ነው ያለሽ?»

«አንድ።»

«ባልሽ ቋሚ ሥራ አለው?»

«ቀን ሲገኝ ነው የሚሠራው።»

«ሴትዮዋ እንደሆነ ዞሮ ዞሮ ትሄዳለች» አለ ፊሽካ። «ዛሬ ባትሄድ በሚመጣው ሳምንት ሦስተኛ ማስጠንቀቂያዋን እሰጣታለሁ። አንቺ የምትመርጪው ስለራስሽ ነው።» የተተየበ ወረቀት አወጣ፤ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። እስክሪብቶውን ከፍቶ በጣቶቿ መካከል አስገባላት።

በመስታወቱ ውስጥ አየች። ሴቶቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው ይሰፋሉ፣ ሁሉም ግን እያዩ ነው። እትዬ መነጽር ብቻ ቀና ብለው ፊት ለፊት ያዩዋታል። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች አነበበች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ፊደሎቹ ተደበላለቁባት። ፈረመች።

እትዬ መነጽርን የዚያኑ ዕለት ከምሳ በፊት አሰናበቷቸው። በስርቆት የተሰናበተ ሰው የአገልግሎት ክፍያ የለውም። ሁለት ጥበቃዎች መጥተው ቦርሳቸውን መስመሩ መሃል ላይ ዘረገፉት፤ ማበጠሪያ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ ትርፍ መነጽር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የራሳቸው መቀስ። መቀሱን የፋብሪካው ነው ብለው ወሰዱባቸው። ሴትዮዋ አልተከራከሩም። ሲወጡ ባቡር መኪና አጠገብ ቆሙ።

«አንቺ ነሽ የፈረምሽው?»

ባቡር አንገቷን ደፋች።

«አንብበሽዋል?»

«አላነበብኩትም» አለች።

«ማንበብ ነበረብሽ» አሉና ሄዱ።

ሴቶቹ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ስልሳ» ማለቱንም ተዉት። ምንም አይሏትም። አንድ ጊዜ ጣቷ መርፌ ሥር ገብቶ ሲወጋ፣ ደሙ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ፣ አጠገቧ ያለችው ሴት የራሷን ጨርቅ ሰብሰብ አድርጋ ራቀች እንጂ ዞር ብላ አላየቻትም። ባቡር ጣቷን በቁራጭ ጨርቅ አስራ ቀጠለች።

ሁለት ወር አለፈ። የእጇ አንጓ ጨርሶ እምቢ አለ። ሐኪሙ ለሦስት ሳምንት እንድታርፍ ጻፈላት፤ ወረቀቱን ለሰው ኃይል ኃላፊዋ ሰጠች። በማግስቱ አስጠሯት። ኃላፊዋ ሽቶ የተቀባች፣ ጥፍሯ ያማረ ሴት ናት። ከመቀመጫዋ ተነስታ «እባክዎ ይቀመጡ» አለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እዚያ ፋብሪካ ማንም አንቱ ብሏት አያውቅም፤ ባቡር የፈራችው ያኔ ነው።

«የሕክምና ማስረጃዎን አይተናል» አለች ኃላፊዋ። «ነገር ግን ማኅደርዎን ስንመለከት ይህን አገኘን።» ሁለት ገጹን ወረቀት አቀረበችላት፤ ሁለተኛውን ገጽ በጥፍሯ ጫፍ ገለጠች። ጮክ ብላ፣ በዝግታ፣ ልጅ እንደምታስነብብ አነበበችላት። «‹ትኬቶቹ መወሰዳቸውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባውቅም ለሦስት ሳምንት ለአለቃዬ ሳላሳውቅ ቆይቻለሁ።› ይህ ጥፋትን መሸሸግ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ክፍያ ያሰናብታል።»

«እኔ ይሄን አላልኩም።»

«ፊርማው የርስዎ አይደለም?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲህ» አለች ኃላፊዋ፤ ወረቀቱንም ወደ ማኅደሩ መለሰችው።

ከፋብሪካው ወጥታ ቤቷ አልሄደችም። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ እትዬ መነጽር ቤት ሄደች። አሮጊቷ ጉልበታቸው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ይዘው፣ ስፒል በከንፈራቸው ነክሰው በሩን ከፈቱ። ግቢ አላሏትም። ባቡር ደጃፉ ላይ ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ነገ ጠዋት መንግሥት ዘንድ፣ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዳ እውነቱን እንደምታወጣ፣ ትኬቱን የሰጠቻቸው ራሷ እንደሆነች በፊርማዋ እንደምታረጋግጥ፣ የሳቸውም ስም እንደሚነጻ።

እትዬ መነጽር ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩ።

«አሁን ነው የምትናገሪው?»

«እውነቱን ነው የምናገረው።»

«እውነትማ ያን ቀንም እውነት ነበር። ያን ቀን መኪናሽ ላይ ተቀምጠሽ ብትናገሪ ሁለታችንም ወጥተን አብረን እንከሳቸው ነበር። ዛሬ የተባረረች ቂመኛ ነሽ፤ እኔም ሌባ ነኝ። ቂመኛ ለሌባ መሰከረች፣ አለቀ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቷ አሰቡበት። በእርግጥ አሰቡበት፤ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። «እንደ ወለድኳት ልጄ ነበር የማይሽ» አሉ በመጨረሻ። «ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸቴን ነው። ተመልሰሽ አትምጪ።» በሩን ሳያላጉት፣ በቀስታ ዘጉት። ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጠለ።

ባቡር ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊው ቃሏን መዘገበና ከመስመሩ ምስክር አምጪ አላት። በፋብሪካው በር ላይ እየጠበቀች ስድስት ሴቶችን ለመነች። ሁለቱ አላወቋትም መስለው አለፏት፤ ሦስቱ እናስብበታለን አሏት፤ አንዷ፣ ድሮ ስሙን ካወጡላት አንዷ፣ ቆማ ሰማቻትና «እኔም ሁለተኛዬን ተቀብያለሁ፤ ስልሳውን ማን አመጣብኝ?» ብላ ሄደች።

በቀጠሮው ቀን ባሏ ሥራውን ትቶ አብሯት ሄደ። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጡ። የድርጅቱ ጠበቃ መጣ፤ ሁለት ገጹን ወረቀት ይዞ። ለሷ የመጣ አንድም ሰው የለም። ገብታ ለመውጣት ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀባትም።

«ምን አሉሽ?» አላት ባሏ።

«ፊርማው ያንቺ ነው ወይ አሉኝ።»

ባሏ እጇን ይዞ አወጣት። መንገዱን ጨርሰው ሰፈር ሊደርሱ ሲሉ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የአራት ፎቅ ሥራ ማግኘቱን ነገራት። የድሮውን ቀለም የሚፍቅለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ለሌላ ሰው ከሚከፍል እሷ ብትሠራው ይሻላል።

በማግስቱ ጠዋት ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ አብራው ሄደች። መፋቂያውን በቀኝ እጇ ያዘችው፤ አንጓዋ እሳት ሆነባት። ወደ ግራ አዞረችው። ግራ እጇ ሥራ አያውቅም፤ ብረቱ እየሸሸ ግድግዳውን ይቧጥጣል፣ ቀለሙ በቅርፊት በቅርፊት ፊቷ ላይ ይረግፋል። እስከ ምሳ ድረስ የፋቀችው አንድ በር የሚያህል ቦታ ብቻ ነበር። ተቋራጩ ሊያይ ወጣ፤ የሷን ግድግዳ አየና ባሏን ወደ ጎን ጠርቶ አነጋገረው። ባሏ ተመልሶ ሲመጣ ዓይኗን ሸሽቶ መሰላሉን ማስተካከል ያዘ።

«ምን አለህ?»

«ምንም አላለም።»

«ንገረኝ።»

«ከነገ ጀምሮ ፈጠን የሚል ሰው አምጣ አለኝ» አለ ባሏ፤ መሰላሉንም ተደግፎ ወጣ።